ባልዲ ይዞ የመጣው ዘፋኝ

ሮተርዳም፣ መጋቢት 9

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለህሊና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ሲነሳ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለኝም። አያትሽ እንዴት ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን "ዛሬ ደህና ነኝ" እያለች እንዳትዘል ተቆጣጠሪያት።

የድምፅ መልእክትሽን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ልደውልልሽ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ በስልክ ሳወራ ዋናውን ነገር ትቼ "በልተሻል ወይ?" ብዬ እንደምዘጋ ታውቂያለሽ። ዛሬ ረፍት ስለሆንኩ ቡናዬን አፍልቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጽሑፌ ካስቸገረሽ ለአያትሽ ስጫት፣ የእኔን ሞንጫራ የለመደችው እሷ ናት።

"ቁርጥ እሷን ሁኚልን አሉኝ" ብለሻል። ለባንዱ ስምንት ዓመት የዘፈነችላቸው ልጅ ራሷን ችላ ወጣች፣ አንቺን በቦታዋ አስገቡሽ። የመጀመሪያው አርብ ማታ ደግሞ ፊት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ዘፈንሽን አቋርጦ የእሷን ስም እየጠራ ጮኸ። ሳቁ እስከ ባንኮኒው ድረስ ተሰማ ብለሻል። እኔን የከነከነኝ ግን ሰውየው አይደለም። የሰከረ ሰው መጮኹ ያለ ነው። የከነከነኝ ከኋላሽ የቆሙት ልጆች አብረው መሳቃቸው ነው።

ብትተዪውም ባትተዪውም ውሳኔው የራስሽ ነው። እኔ ግን አንድ የእንግሊዝ ባንድ አውቃለሁና የእሱን ላጫውትሽ።

በፈረንጆቹ 2009 ማርች ላይ ነው፤ ያኔ የኪራይ አውቶቡስ ነበር የምነዳው። ከአየር ማረፊያ ሰው ጭነህ ፖርት ዜላንድ አድርስ ተባልኩ። ፖርት ዜላንድ ሆላንዶች ባሕሩን በገደቡበት ግድብ ዳር ያለ የእረፍት መንደር ነው፣ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል። በዚህ ብርድ ማን ይሄዳል ስል አውቶቡሱ ጢም አለ። እንግሊዙ፣ ፖላንዱ፣ ብራዚሉ፣ ሁሉም ጥቁር ካናቴራ ለብሰው፣ አብዛኞቹ ሽበት ጣል ጣል ያደረጉ፣ ሚዜ ይመስል እየተቃቀፉ ገቡ። ለካ ማሪሊየን የሚባል ባንድ በሁለት ዓመት አንዴ ያንን መንደር እየያዘ ሦስት ሌሊት ለአድናቂዎቹ ይጫወታል፣ በየሌሊቱ የተለየ ዘፈን።

ማሪሊየንን በአንድ ዘፈን አውቀው ነበር፣ በ"ኬይሊ"። ማወቄን ላሳይ ብዬ ከኋላዬ የተቀመጠውን ሰውዬ "ኬይሊን የሚዘፍነው ሰውዬ ነው አይደል?" አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ፈገግ አለ። "እሱማ ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው" አለኝ። እኔ ደግሞ እንዴት ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ አገር አቋርጦ ይመጣል? ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን እሱ በመንገዱ ሁሉ የነገረኝን፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው የምጽፍልሽ።

ባንዱ የተመሠረተው በ1979 ኤይልስበሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። የሚጫወቱት ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነው። አንዱ ዘፈን አሥር ደቂቃም አሥራ አምስት ደቂቃም ይሄዳል፣ መሀል ላይ ምቱ ይቀየራል፣ ግጥሙ ትረካ ነው። (ሌሊቱን ሙሉ ትዝታ ሲወርድ እየሰማ ላደገ ሰው ርዝመቱ ብርቅ አይሆንበትም።) በ1981 ፊሽ የሚባል ዘፋኝ ገባ። ፊሽ ዓሣ ማለት ነው፣ የቅጽል ስሙ ነው። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው ስኮትላንዳዊ፣ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ መድረክ የሚወጣ፣ ግጥሙን የሚጽፈው ራሱ። በ1985 ያወጡት አልበም እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፣ "ኬይሊ" ደግሞ በነጠላ ዜማ ሁለተኛ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ኬይሊ ብለው ይጠሩ ጀመር። አገሩን የልጅ ስም ያስለወጠ ሰው ነው እንግዲህ! አንቺ የተካሻት ልጅ ዝነኛ ብትሆንም እዚህ ድረስ አልሄደችም።

በ1988 ፊሽ ወጣ። የቱሩ ድካም፣ የማናጀሩ ነገር፣ የገዛ ራሳቸው መሰለቻቸት ተደራረበና ወጣ። አዲስ አልበም ጀማምረው ስለነበር ልክ እንደ ፍቺ ንብረት ተካፈሉ፤ እሱ ግጥሙን ይዞ ሄደ፣ እነሱ ዜማውን ይዘው ቀሩ። እሱ ግጥሙን በራሱ አልበም ላይ አዋለው፣ ለእነሱ ደግሞ ቃል የሌለው ዜማና ባዶ ማይክራፎን ተረፋቸው።

ይሄንን ከእኛ አገር ጋር ሳስተያየው ይገርመኛል። በእኛ ጊዜ ካሴት ስንገዛ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። "ሮሃ ባንድ" የሚለውን በደቃቁ ጽሑፍ ታነቢዋለሽ ወይም ጨርሶ አታነቢውም፤ ለስንቱ ዘፋኝ እንደተጫወቱ ስታስቢ ያሳዝናል። እኛ የምንከተለው ዘፋኙን ነው፣ ባንዱ አጃቢ ነው፣ ቃሉ ራሱ ይናገራል። እዚያ ግን ስሙ የባንዱ ነው፣ ዘፋኙ ቢሄድም ስሙ ይቀራል። አንቺ የገባሽበት ባንድ ለሁለቱም የሚሆን አይመስለኝም። ስሙን እንደ ፈረንጅ ባንድ ይዞ፣ ሰዉን ግን እንደ እኛ በዘፋኟ አስለምዷል። ችግርሽ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፣ ከጉሮሮሽ አይደለም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አራቱ፣ ጊታሩ ሮዘሪ፣ ቤዙ ትሬዋቫስ፣ ኪቦርዱ ኬሊ፣ ድራሙ ሞዝሊ፣ ዘፋኝ ፍለጋ ገቡ። ፊሽን የሚመስል ሰው ማግኘት ከባድ አልነበረም። ሰውየው ዝነኛ ስለሆነ ድምፁን የሚያስመስል ሞልቷል። እነሱ ግን በ1989 ስቲቭ ሆጋርዝ የሚባል ሰው ወሰዱ። ድምፁ ሌላ፣ ጠባዩ ሌላ። የነበረባቸው ባንዶች ሳይሳካላቸው ቀርተው ሙዚቃውን እርግፍ አድርጎ ለመተው ደርሶ ነበር። የአውቶቡሱ ሰውዬ እንደነገረኝ፣ ሊሞክሩት በጠሩት ቀን ካሴቶቹንና የጻፋቸውን ግጥሞች በላስቲክ ባልዲ አድርጎ ይዞ መጣ። ባልዲ! ቦርሳ እንኳ የለውም ብዬ ሳቅሁ። ከራሱ ይዞት ከመጣው ሥራ አንዱ ስለ ሰሜን አየርላንድ ደም መፋሰስ የሚናገር "ኢስተር" የሚባል ዘፈን ነው። ሮዘሪ ረጅም የጊታር ሶሎ ጨመረበትና ዛሬም ድረስ ሰው እያለቀሰ ይሰማዋል። አየሽ፣ ዘፈኑ የእንግዳው ነው፣ ጊታሩ የነባሩ ነው፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ሰጠ። የዚያን ዓመት አልበማቸው ሰባተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ከአንደኛ ሰባተኛ ያው መውረድ ነው፣ ነገር ግን ይጠፋሉ የተባሉ ሰዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ጄነሲስ የሚባለው ባንድ በ1975 ፒተር ገብርኤል ሲወጣበት ስንቱን ዘፋኝ ሲሞክር ከርሞ በመጨረሻ ድራም መቺውን ፊል ኮሊንስን ወደ ፊት አወጣው። ኮሊንስን አያትሽም ሳታውቀው አትቀርም፤ በ77ቱ ድርቅ ለእኛ ገንዘብ በተሰበሰበበት ላይቭ ኤይድ፣ በአንድ ቀን ለንደን ዘፍኖ በኮንኮርድ አውሮፕላን በርሮ ፊላደልፊያም የዘፈነው ሰውዬ ነው። ግን የእሱ ቀላል ነበር። የቤት ልጅ ነው፣ ዘፈኑን ከኋላ ሆኖ ሲያጅብ የኖረ። ሆጋርዝ ግን እንዳንቺ ከውጭ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አማረለት እንዳልልሽ። ሆጋርዝ በመጀመሪያው ቱር የፊሽን ዘፈኖች እየዘፈነ ነው የዞረው፣ ሰው ያንን ነው የሚጠብቀው። ግን ቀስ በቀስ የራሳቸው እየበዛ ያኛው እየቀነሰ ሄደ። በ1994 "ብሬቭ" የሚባል አልበም አወጡ። መነሻው ሆጋርዝ በሬዲዮ የሰማው የፖሊስ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ሰቨርን በሚባለው ትልቅ ድልድይ ላይ ብቻዋን ተገኘች፣ ማን እንደሆነች አልናገርም አለች፣ የሚያውቃት ካለ ይምጣ የሚል። ምን አድርሷት ይሆን እያለ ከሰባ ደቂቃ የማያንስ ታሪክ ሠሩላት። እኔ ካላቸው ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ስሰማው አንዳንዴ እዚህ አገር ብቻቸውን ሆነው ያየኋቸው የእኛ ሴቶች ልጆች ይመጡብኛል፣ ይሄን ግን ለአያትሽ እንዳታነቢላት። ያን ያህል ተለፍቶበት ገበያው እንደታሰበው አልሆነም። በ1995 ሌላ አልበም አስከተሉ፣ እሱም ዝቅ አለ፣ ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያም አሰናበታቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። በ1997 አሜሪካ ሄደው ሊጫወቱ ፈለጉ፣ ሂሳቡ ግን 60 ሺህ ዶላር ገደማ ያከስራል። ኪቦርዲስቱ ኬሊ ይህንኑ ለአድናቂዎች በኢንተርኔት አሳወቀ፣ አንመጣም ለማለት ነው። አድናቂዎቹ ሳይጠየቁ የባንክ ሂሳብ ከፍተው ያንን ገንዘብ አዋጡላቸው። እቁብ በይው! ባንዱ ከዚህ ተማረ። ቀጥሎ "ገና ላልሠራነው አልበም ከአሁኑ ትከፍሉን ይሆን?" ብለው ጠየቁ፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ከፈለ፣ በ2001 በዚያ ገንዘብ አልበሙን ሠሩ። በ2004 "ማርብልስ" ሲወጣ ቀድመው የከፈሉትን ሰዎች ስም ከአልበሙ ጋር በወጣው መጽሐፍ ላይ አተሙላቸው። የአውቶቡሱ ሰውዬ ስሙ ያለበትን ገጽ ቁጥር በቃሉ ነገረኝ። ከዚያው አልበም አንዱ ዘፈን ሰባተኛ ደረጃ ገባ። በ2022 ደግሞ አዲስ አልበማቸው እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ወጣ። ፊሽ አብሯቸው የቆየው ሰባት ዓመት ነው፣ ሆጋርዝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። እንዲህም ሆኖ "የኬይሊዎቹ ባንድ" የሚላቸው አይጠፋም፣ እኔም አውቶቡስ ላይ አልኩት አይደል? ያንን ስም የሚጠራ ሰው ሁሌም ይኖራል ልጄ። ያ ሰውዬሽም ይኖራል።

ፊሽና እነሱ እንደ ጠላት ቀሩ እንዳትዪ። በ2007 ኤይልስበሪ ገበያው አደባባይ ላይ ፊሽ ሲጫወት አራቱ ወጥተው የድሮ ዘፈናቸውን አንዱን አብረውት ተጫወቱ። አንዱን ብቻ። ከዚያ እሱም ወደ ቤቱ፣ እነሱም ወደ ሥራቸው። አንቺም ያችን ልጅ የሆነ ቦታ ብታገኚያት ሰላም በያት፣ ቦታዋን አልቀማሻትም።

ያን ሌሊት ሰውየው ትርፍ የነበረውን የመግቢያ አምባር እጄ ላይ አሰረልኝና የሾፌር ጃኬቴን እንደለበስኩ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው። ኬይሊን አልዘፈኑትም። የጠየቀም አልሰማሁም።

አሁን የሥራ ነገር። አለቃሽን ለብቻው አስቀምጪና፣ ሞቅታ ላይ ሳይሆን በቀን፣ የእሷን የሚመስል ድምፅ ነው የፈለጉት ወይስ ዘፋኝ፣ ብለሽ ጠይቂው። የመጀመሪያው ነው ካለ ተይው፣ ለእሱ የሚሆን ሌላ ሰው ያገኛል። የሚሠራው አዲስ ዘፈን በማን ስም እንደሚመዘገብም አሁኑኑ በጽሑፍ ይሁን፣ "ቤተሰብ ነን" የሚለውን አትስሚ። እነዚያ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ በስልክሽ እየቀዳሽ የምትልኪልኝን ሦስቱን ዘፈኖች ደግሞ ልምምድ ላይ ይዘሽላቸው ሂጂ። በተለይ ያንን አምባሰል። ጊታሪስቱ ምን እንደሚያደርግበት ማየት እፈልጋለሁ። አብሯቸው ሳቀ አላልሽም? ይጫወትበት እስቲ።

ለአያትሽ መድኃኒትና ለአንቺ 200 ዩሮ ልኬያለሁ፣ ቁጥሩን በቴሌግራም እጽፍልሻለሁ። አርብ ስትጨርሺ ምንም ቢመሽ ደውዪ። የሌሊት ሽፍት ነኝ፣ ዴፖ ሆኜ እጠብቃለሁ። በልተሽ መሆኑንም ንገሪኝ።

አባትሽ