ጉዳዩ፦ ያልቀረበልኝን የአየር ማስወጫ ቱቦና መጠኑ ያልሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦን ይመለከታል

ለመደብሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ
የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የትዕዛዜን ታሪክ ከመጀመሪያው አልተርክም፤ ፕሮፎርማውም፣ ደረሰኙም፣ ምልልሴም ሁሉ እናንተ ዘንድ ተመዝግቧል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በቅርንጫፋችሁ ውስጥ፣ በደንበኞች ፊት የተባልኩት ነገር ነው።

ቅዳሜ የሄድኩት ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነው። ሐሙስ ዕለት የሽያጭ ኃላፊው ራሳቸው ደውለው፣ “የአየር ማስወጫ ቱቦው ከነቆቡ፣ ከ110 በ50 ቲው (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ጋር ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ እኔ ራሴ አስረክብዎታለሁ” አሉኝ። አምኜ ለሴራሚክ ሠራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጣ ነገርኩት፤ ዕቃ መጫኛም ተከራየሁ። በሰዓቱ ስደርስ ኃላፊው ከሌላ ደንበኛ ጋር ስለ ሴራሚክ ዋጋ ሲነጋገሩ ነበርና ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና “ዕቃው አልገባም” አሉ። መቼ ይገባል ብላቸው “አይታወቅም”። ታዲያ ሐሙስ ለምን ደወሉልኝ ስላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

ቱቦው ሳይገባ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ መዝጋት እንደማልችል፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሴራሚክ ማፍረስ እንደሚመጣ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። “እናቴ፣ ይሄ ቱቦ እኮ ለሽታ ነው። ሽታ ካስቸገረሽ መስኮት ክፈቺ! አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት አለ ያለ እሱ የሚኖር።” አጠገባቸው የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። ቀጥለውም “ለማንኛውም ባለሙያውን ላኪልን፤ ከእሱ ጋር እንግባባለን” አሉ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ አልኳቸው። መልሳቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ደንበኛ ማዞር ነበር።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የቤቴን የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመር በራሴ እጅ እንደምዘረጋ መደብራችሁ ያውቃል። ፕሮፎርማው የተዘጋጀው እኔ ሠርቼ ባመጣሁት ንድፍ መሠረት ነው፤ በዚያ ንድፍ ላይ የአየር ቱቦው ከሽንት ቤቱ መስመር ተነስቶ ቆርቆሮውን አልፎ እንደሚወጣ በቀይ እስክሪብቶ ተመልክቷል። ያን ጊዜ ባለሙያው ማነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ገንዘቡንም የተቀበላችሁት ከእኔ ነው።

ስለ መስኮቱም መልስ መስጠት አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህ ምክር ለሌላ ደንበኛም ይሰጥ ይሆናል። ከላቫንዲኖውና ከሻወሩ ሥር ያለው ሲፎን፣ ማለትም የታጠፈው ቱቦ፣ ሁልጊዜ ውኃ ይዞ መቆየት አለበት። የሴፕቲክ ታንኩን ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደው ይህ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ውኃው ቱቦውን ሞልቶ ይወርዳል፤ ከኋላው አየር የሚገባበት መንገድ ከሌለ የሲፎኖቹን ውኃ መጥጦ ይሄዳል። የአየር ቱቦው የሚገጠመው ለዚህ ነው። እኔ ይህን በግምት አላወራም። መስመሩን ገጥሜ ስጨርስ አንድ ባልዲ ውኃ በአንድ ጊዜ ሽንት ቤቱ ላይ ደፋሁ፤ የሻወሩ ሲፎን ተንጎራጎረ፣ በባትሪ አጎንብሼ ሳይ ውስጡ ደርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋዝ ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለበት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው ሽታው የጠፋ እየመሰለው መተንፈሱን ይቀጥላል። የልጅ ልጄ የምትተኛበት ክፍል ከዚህ መታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሌሊት መስኮት ከፍቼ ላስተኛት ነው የተመከርኩት?

ከዚህ በፊት ይሁን ብዬ ያለፍኳቸው ነገሮችም አሁን ዝም የሚባሉ አልሆኑም። ጠንካራ ሲፎን አዝዤ የሚተጣጠፍና ቅባት የሚይዝ ላካችሁልኝ፤ የተቀየረልኝ ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ለመሬት መስመር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ብዬ ጥቁር መጣ፤ ስጠይቅ “ሽቦ ሽቦ ነው” ተባልኩ። ነገ ሌላ ሰው ያን ሶኬት ሲፈታ ጥቁሩን ምን ብሎ ሊረዳው ነው?

ከሁሉም የከፋው ግን በ2.5 ስም የተሸጠልኝ ሽቦ ነው። ከቅዳሜው ንግግር በኋላ ጥርጣሬ ገባኝና የአንዱን ጥቅል ጫፍ ልጬ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካሁት። የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ድፍን ሽቦ መዳቡ 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። የእናንተው 1.4 እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይህ የ1.5 ሽቦ ነው፤ ለመብራት መስመር የሚሆን። በላዩ የታተመው ግን 2.5 ይላል። ለሶኬት መስመሩ ባለ 20 አምፔር ብሬከር የመረጡልኝም የእናንተው ሻጭ ናቸው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከተባለው ከቀጠነ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። አንድ ሰው ምጣዱን ከዚያ ሶኬት ላይ ቢሰካው ምን እንደሚከተል ለናንተ መንገር አይኖርብኝም ነበር። ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ ስቤ አውጥቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የአየር ማስወጫ ቱቦው፣ ቲውና ቆቡ እስከ ፊታችን ዓርብ ድረስ እቤቴ ድረስ ይምጡልኝ፤ የመጫኛውን ወጪ እናንተ ትችሉታላችሁ። የሽቦ ጥቅሎቹ በሙሉ፣ ያልተከፈቱትም ጭምር፣ በትክክለኛው 2.5 ይቀየሩ፤ ስረከብ በፊታችሁ እለካለሁ። ቅዳሜ በከንቱ የመጣው የሴራሚክ ሠራተኛ የቀን ሒሳብና የተከራየሁት መኪና ክፍያ ይመለስልኝ። ቀድሞ ቢሆን በዚህ እረካ ነበር። አሁን ግን የሽያጭ ኃላፊው በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ፤ ያን ሽቦ ከመደርደሪያችሁ ስለማንሳታችሁም በደብዳቤ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። እኔ ካሊፐር ነበረኝ። ከእኔ በኋላ የገዛው ሰው ላይኖረው ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴውም ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለቱም ተጥሰውብኛል። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን፣ ፕሮፎርማውንና የሽቦውን ናሙና ይዤ ንግድ ቢሮ እቀርባለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ዕቃ መቀየር ሳይሆን የከፈልኩትን ገንዘብ በሙሉ ነው።

መታጠቢያ ቤታችን እስካሁን ግድግዳው ክፍት ነው፤ ቤተሰቡ የሚታጠበው ጎረቤት ቤት ነው። ስለዚህ በስልክ “እናጣራለን” የሚል መልስ አልቀበልም። መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የፕሮፎርማና የደረሰኝ ቅጂ፣ የሽቦው ልኬት ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት