ሊኑክስ አላስቸገረኝም፣ ያስቸገረኝ የራሳችን ፋይል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሑፍና የኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የመጣውን ሁሉ እንጽፋለን። ሥራውን ስጀምር ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ከዚያ ሰቨን፣ ከዚያ ቴን እያልኩ 17 ዓመት ሙሉ ከዊንዶውስ ሌላ ነክቼ አላውቅም ነበር። አሁን ከሦስቱ ኮምፒውተሮቼ ሁለቱ በሊኑክስ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅስ ሌላ ሥርዓት ነው የሚሠሩት። የሙያ ጓደኞቼ፣ ተማሪዎች፣ ጎረቤት ነጋዴዎች፣ "እኛስ እንቀይር ወይስ ይቅርብን?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው፤ ደግሞም ጉዳዩ የእኔን ሱቅ ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን አቆመ። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ቀጥ አይልም። ይበራል፣ ይጽፋል፣ ፕሪንት ያደርጋል። ግን አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ እንደ በፊቱ በመደበኛነት የሚደፍንለት የለም። የእኔ ሥራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ፍላሽ መሰካት ነው። ዊንዶውስ 11 ጫንበት የሚለኝ ብዙ ነው። የማሽኖቼ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የኢንቴል 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አልፎ በጓሮ በር የሚጭን ልጅ ከተማችን ውስጥ አይጠፋም፤ እኔ ግን የሰው ሰነድ የሚያድርበትን ማሽን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማቆም አልፈለግኩም።

አዲስ ግዛ የሚለውንም ምክር አልሰማሁም። በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ተዘርፎ ስመለስ የጠበቀኝ ባዶ መደርደሪያ ነው። እነዚህን ሦስት ማሽኖች በዕቁብ ብር አንድ በአንድ ነው የገዛኋቸው። ሃርድ ዲስካቸውን አውጥቼ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገብቼባቸዋለሁ፣ ዛሬም ቀጥ ብለው ይሠራሉ። ደህና የሚሠራን ዕቃ ጊዜው አልፏል ብሎ መጣል ለእኔ በጣም ከባድ ነው።

ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። በነጻ ይገኛል። ክራክ አይፈልግም፣ አክቲቬት አድርግ አይልም። ድጋፉ እስከ 2021 ዓ.ም. ይቆያል። ሁለት ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ እንኳን ይነሳል፣ አራት ጊጋ ካለው ደግሞ ለእኛ ዓይነት ሥራ በደንብ ይበቃል። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ማታ ላይ አስጀምሬ ጠዋት አገኘሁት። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነስቶ መሞከር መቻሉ ነው። ዋይፋዩ ይሠራ እንደሆነ፣ ድምፁ ይወጣ እንደሆነ፣ ፕሪንተሩን ያውቀው እንደሆነ ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ ታያላችሁ። ይህን ሳታደርጉ እንዳትጭኑ። ስትጭኑም ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ጫኚው ዲስኩን ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ያለ ሰው ሁሉንም ነው የሚያጣው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም። አንደኛው ማሽን ዋይፋይ የሚባል ነገር የለኝም አለ። ድራይቨሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። መፍትሔው ስልክ ሆኖ ተገኘ። ስልኬን በቻርጀሩ ኬብል አገናኝቼ ዳታውን በዩኤስቢ ሳጋራው ወዲያው ኢንተርኔት ገባ፣ ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን ከፍቼ የጎደለውን ጫንኩ፣ አለቀ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ በማግስቱ ፋይል ልታስቀምጥ ስትል እጇ ማውዙ ላይ ቀረ። "ጋሼ፣ ዲ የታለ?" አለችኝ። በዊንዶውስ የለመድናቸው "ሲ" እና "ዲ" የሚባሉ የዲስክ ክፍሎች እዚያ የሉም። ሁሉም ነገር ሆም ከሚባለው አቃፊ ውስጥ ነው። ይህን ለመልመድ ሦስት ቀን ወሰደባት፣ እኔ ከእሷ የበለጠ ቆይቻለሁ።

ከዚህ የባሰው የፕሮግራም አጫጫን ነው። እኛ ያደግነው ሴትአፕ፣ ማለትም የፕሮግራም መጫኛ ፋይል፣ በፍላሽ እየተቀባበልን ነው። በሊኑክስ ፕሮግራም የሚመጣው ከራሱ ማከማቻ በኢንተርኔት ነው። ይህ ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ሴትአፕ አይገባባችሁም። ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ እዚህ የምንኖር ሰዎች አንረሳውም። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለ ጊዜ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ማውረድ ይበጃል። አፕኢሜጅ የሚባል ዓይነትም አለ፤ ፕሮግራሙ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ በፍላሽ እንደ ድሮው ይዞራል።

አማርኛ መጻፍስ? ይጻፋል። "ሴራ" (SERA) በሚባለው፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች በሚያጽፈው ዘዴ ነው የጀመርኩት። ጣቴ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ ስለተገራ አንዳንድ ቁልፍ ያሳስተኝ ነበር፣ "ሸ" በኤክስ መሆኗን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኪይማን የሚባለው ሌላው መጻፊያም ለሊኑክስ አለ፣ የለመደው ሰው በእሱ መቀጠል ይችላል። ወርድን የተካልኝ ሊብሬኦፊስ ነው። ፎቶሾፕን የተካልኝ ጊምፕ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ለማዘጋጀት ከበቂ በላይ ነው፣ መልኩን እስክትለምዱት ግን ደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ቀን የፍርድ ቤት ማመልከቻ በወርድ ተሠርቶ መጣ። አራት ገጽ ነው ያሉኝ። ሊብሬኦፊስ ላይ ስከፍተው አምስት ሆነ። አምስተኛው ገጽ ላይ ያለው "እውነት ነው በማለት አረጋግጣለሁ" የምትለው መስመርና የፊርማው ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ለዳኛ አይሰጥም። ምክንያቱ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የሚሰጠው ፋይል ነው። በዊንዶውስ ስንጠቀምበት የኖርነው ኒያላ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም፣ በእሱ ቦታ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይተካል፣ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሪንት ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ በፒዲኤፍ እንዲያመጣልኝ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ የሚለመድ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከኩታበር አንድ አባት መጡ። የለበሱት ጋቢ ጠርዝ ላይ የተቋጠረች ፍላሽ ይዘዋል። በ2001 ዓ.ም. በሌላ ጽሕፈት ቤት ያስጻፉት የቤተሰብ ስምምነት ነው፤ አንድ ስም ተሳስቶ ኖሮ እሱ ብቻ እንዲስተካከል ነው የሚፈልጉት። ከፈትኩት። ገጹ ላይ ያለው የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። አንዲት የአማርኛ ቃል የለችም። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ሊኑክሱ አበላሸው" አለችኝ። ደነገጥኩ። ፍላሹን ነቅዬ ዊንዶውሱ ላይ ሰካሁት። እዚያም ያው ዝብርቅርቅ ነው የወጣው።

ወረቀቱ የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው ለዓለም ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ሳይቀር፣ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፣ ፎንቱ ብቻ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ልብሱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት ያ ዝብርቅርቅ ይመጣል። በጊዜው ሌላ አማራጭ አልነበረም፣ እነዚያን ፕሮግራሞች የሠሩ ሰዎች በኮምፒውተር አማርኛ እንድንጽፍ አድርገውናልና አመሰግናቸዋለሁ። እኔም ራሴ ስንት ሺህ ገጽ በዚያው ጽፌያለሁ።

መሳቢያ ስበረብር አንድ አሮጌ ሲዲ አገኘሁ። ፎንቶቹን ከእሱ ላይ ወደ ሊኑክሱ ገልብጬ ጫንኩ። ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው ወረቀቱ ተነበበ። አባትየው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የአባታቸውን ስም በጣታቸው እየነኩ አነበቡት። ችግሩ ግን አላለቀም። አንዷን ስም ለማስተካከል የድሮውን የመጻፊያ ፕሮግራም ራሱን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው፣ እኔም ዘንድ የለም። ሦስቱን ገጽ ከ"ሀ" ጀምሬ በዩኒኮድ መልሼ ጻፍኩት። አባትየው ሲጠብቁ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "አብሽር ልጄ፣ መገኘቱ መች ትንሽ ነገር ነው" አሉኝ።

ታዲያ ይህ የሊኑክስ ችግር ነው? አይደለም። ሊኑክስ ያደረገው ተሸፍኖ የነበረውን ማሳየት ብቻ ነው። ከዊንዶውስ መውጣት ከበደን የምንለው አንዱ ምክንያት አማርኛችን የታሰረው በፎንትና በአንድ ዓይነት ማሽን ስለሆነ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ነገር ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፣ ከሊኑክስ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌግራም ያለ ችግር ይሄዳል። በድሮው ፎንት የተጻፈው ግን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ያው ዝብርቅርቅ ነው፣ ስትፈልጉትም አይገኝም። ዛሬም በዚያ ፎንት የተሠራ ቅጽ ከመሥሪያ ቤት ተሰጥቷቸው ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም። ግን እለምናለሁ፦ አዲስ የምታዘጋጁትን ሁሉ በዩኒኮድ አድርጉት። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለውን የድሮ መዝገብ ደግሞ ፎንቱም፣ ሲዲውም፣ የሚያውቀው ባለሙያም ሳይጠፋ አሁን ወደ ዩኒኮድ መልሱት። የሰው ርስትና የሰው ውል ነው ውስጡ ያለው።

ሦስተኛውን ማሽን ለምን በዊንዶውስ እንደተውኩት ደግሞ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ደንበኛ አለኝ፣ ሥራው በሙሉ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው፣ ፒችትሪ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በሰው ደመወዝና ግብር ሙከራ አልሠራም። ሂሳባችሁ በእሱ የሚሠራ ከሆነ እናንተም ያን ማሽን አትንኩት። ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት፣ ፊልምና ፎቶ ብቻ የምትሠሩበት ካላችሁ ግን ከዚያ ጀምሩ።

ሊኑክስ የእኛ ዓይነት ሰው ነገር አይደለም ለሚሉኝ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የጀመረው ያ ነገር ዛሬ በአንድሮይድ ስልካችሁ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ሳታውቁት ስትጠቀሙበት ኖራችኋል። ሁለተኛው በሱቄ የሆነ ነው። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንዲት ተማሪ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ልትታይፕ መጣች። ሌላ ቤት ሰክታው በቫይረስ ፍላሿ ሁሉ ሾርትከት (የፋይሉ ማቋረጫ ምልክት ብቻ) ሆኗል፣ የዓመት ሥራዋ የለም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፎርማት አድርጊው ብለዋት ነበር። ሊኑክሱ ላይ ስሰካው ቫይረሱ የደበቃቸው አቃፊዎች እንዳሉ ቁጭ ብለው ታዩ፤ ዊንዶውስ ላይ የሚደብቃቸው ምልክት ሊኑክስ ላይ አይሠራም፣ ሾርትከቶቹም እዚያ አይነሱም። ሰላሳ ሁለቱን ፋይል ቆጥራ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፍላሹ የታመመበት ተማሪ ሁሉ ወደ እኔ ቤት ይላካል።

በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፒውተር የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቹን የምታስተምሩት የአንድ ፕሮግራም ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ አይሁን። ፋይል ምንድን ነው፣ ፎንት ምንድን ነው፣ ዩኒኮድ ምንድን ነው የሚለውን ጨምሩበት። የእኔ ረዳት ዲ የታለ ብላ የተጨነቀችው ሰነፍ ሆና አይደለም፣ ማንም ስላልነገራት ነው። አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣ የምታሳየው እሷ ናት።

ያ ሲዲ ላይ ያሉትን ፎንቶች ሁለት ቦታ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። የማይነበብ የድሮ ፋይል ያለው ሰው ፍላሹን ይዞ ይምጣ፣ ያለኝን ሁሉ ሞክሬ አየዋለሁ። ለመክፈቱ አላስከፍልም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ያኔ ብትመጡ ጊዜ አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጽሑፍና የኮፒ ቤት ባለቤት
ከደሴ፣ ፒያሳ