ለወላጆች ኅብረት አባላት፦ ስለ ዓለም አቀፍ የክረምት ካምፕ

የተከበራችሁ አባላት፣

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃችን ከዓለም አቀፍ የክረምት ካምፕ ምን ያተርፋል ለሚለው ጥያቄያችሁ፣ ጋዜጠኛው ጆን ዋላክ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የመሠረተው «ሲድስ ኦፍ ፒስ» (የሰላም ዘሮች) የተባለው ካምፕ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ካምፕ ለዓመታት የእስራኤልና የፍልስጤም ወጣቶች ሐይቅ ዳር ባሉ የእንጨት ቤቶች አብረው ያድሩ፣ በአንድ ገበታም ይበሉ ነበር፤ አወያይ ባለበት ክፍል ተቀምጠውም በአገራቸው ፊት ለፊት ሊነጋገሩበት የማይችሉትን ጉዳይ፣ አንዳንዴም እንባ እየተናነቃቸው፣ ይከራከሩበት ነበር። መግባቢያቸው እንግሊዝኛ በመሆኑ ቋንቋውን ለፈተና ሳይሆን የልባቸውን ለማስረዳት ይጠቀሙበት ነበር፤ በእኔ ግምት ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። የውኃ ዋናውና የኳስ ጨዋታውም እዚያ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ለየትኛውም ካምፕ ምዝገባ ስትሄዱ፣ ከክፍያው አስቀድማችሁ የዕለቱን መርሐ ግብርና የአወያዮቹን ሥልጠና እንድትጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።