ሰፈራችን በር ሊገጥም ነው

እህትዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ሁሌ ትጠይቅሻለች። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ተይው፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይባላል እንዳትይኝ። በስልክ ሰላምታው ብቻ ካርዱን ይጨርሰዋል፣ የማወራሽ ነገር ደግሞ ረዘም ይላል።

የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው። ከተማው ግን ሌላ ሆኗል። ፋብሪካው በዝቷል፣ ዩኒቨርሲቲው ሰፍቷል። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች በመጠለያም በየሰው ቤትም አሉ። የቤት ኪራይ አይቀመስም። በጸጥታው ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል።

እና የሰፈራችን ሰዎች መንገዱ ላይ የብረት በር እንግጠም እያሉ ነው። ያ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ኮብል ስቶን የለበሰው መንገድ። ከላይም ከታችም በር፣ ዘበኛ፣ ሲመሽ መታወቂያ። በዚህም አያበቃም። የራሳችን ጉድጓድ ውሃ፣ የጋራ ጄኔሬተር፣ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ሁሉ ታስቧል። አንዱ ጎረቤታችን ተነስቶ «አዲስ አበባ እንዳሉት ሪል ስቴቶች እንሆናለን» ሲል ተጨበጨበለት። እኔ አንቺን አሰብኩ።

ለገጣፎ በኩል ያለው ግቢሽ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ሳሩ፣ ጸጥታው፣ ልጆቹ ያለ ሐሳብ ብስክሌት ሲነዱ። ግን ቀበሌያችሁ የት ነው ብዬ ብጠይቅሽ አላወቅሽውም ነበር። በነገር እየወጋሁሽ አይደለም። ለምን ታውቂዋለሽ? ውሃ ቢቋረጥ ለግቢው አስተዳደር ትደውያለሽ፣ አለቀ። የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፣ ዘበኛው እንኳን አይደለም።

እኛ ጋ ውሃ ሲጠፋ ማን ሄዶ እንደሚጮህ ታውቂያለሽ። ጡረታ የወጡት ነርስ፣ የእህል ነጋዴው፣ እኛ አስተማሪዎቹ። ቢሮ ሲገቡ ወንበር የሚሳብላቸው ሰዎች። እነሱ ጮኸው ውሃው ሲመጣ፣ መስመሩ አንድ ነውና ታች ላለችው ጠላ ሻጭም ይደርሳል፤ ቦኖውም ይከፈታል። ነገ ነጋዴው የራሱ ጉድጓድ ካለው ምን ቸግሮት ቢሮ ሄዶ ይጮሃል? ጠላ ሻጯ ብቻዋን ጀሪካኗን ይዛ ትሄዳለች። «ነገ ነይ» ትባላለች። ነገም እንደዚያው።

አሜሪካ ይህ ነገር ቆየት ብሏል። በቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚተዳደሩ ሰፈሮች አሉ፤ አንዳንዶቹም አጥርና በር አላቸው። መዋጮ ይከፈላል፣ መንገዱንም መብራቱንም ማኅበሩ ያስተዳድራል። ከዚያ ሰዉ «ለማኅበሩ ከፍዬ ለከተማው ደግሞ ለምን ግብር እደግማለሁ?» ማለት ይጀምራል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቶች ለእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች በረዶ የመጥረግ፣ የመንገድ መብራትና ቆሻሻ የማንሳት አገልግሎት እንዲሰጡ፣ ካልሆነም ወጪውን እንዲመልሱ የሚያስገድድ ሕግ አለ። ለከፈለው ሰው ፍትሐዊ ነው፣ አልከራከርም። ግን ሰው ስለ ከተማው እንደ ዕቃ ገዢ ማሰብ ሲጀምር፣ የማይሄድበት መንገድ መብራት ምኑም አይሆንም።

እዚያው ኒው ጀርሲ፣ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር፣ ነዋሪዎች ማኅበራቸውን ከሰው ነበር። አንዱ ክርክር በቤታችን ላይ የፖለቲካ ምልክት እንዳንሰቅል ተገደብን የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ። በደጅሽ ስንት ምልክት የት እንደምትሰቅይ ኮሚቴ ይወስንልሻል ማለት ነው። ከቀበሌ ሸሽተሽ ሌላ ቀበሌ፣ ያውም መዋጮ እየከፈልሽ!

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩሽ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰፈሮች በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ሲቆረቆሩ ጌታውም ሎሌውም ጎን ለጎን የሰፈሩት እኩል ስለነበሩ አይደለም። በኋላም በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ስንቱ ቤቱን አጥቷል። ግን የቀበሌ ጭቃ ቤትና ቪላ በአንድ ግድግዳ ተጋርተው ኖሩ። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይሰማል። ሪል ስቴቱ ከከተማው ዳር ሲሄድ ያ ቀረ።

ፍርሃቱ ግን የውሸት አይደለም። በር ይኑር የሚሉትን ክፉዎች ናቸው ብዬ አልጽፍልሽም። እናቴ ራሷ «ቢገጠም ምን አለበት?» ትላለች። ችግሩ ዘበኛው የሚያስቆመው ማንን እንደሆነ እያወቅን ነው። ባለ መኪናውን አያስቆምም። ቆሎ የምታዞረውን ተፈናቃይ ያስቆማል፣ ሊስትሮውን ያስቆማል፣ በእኛ መንገድ አቋርጠው ለኪዳን የሚሄዱትን የታች ሰፈር ሽማግሌዎች ያስቆማል።

ደግሞ እድራችን አለ። ግማሹ አባል ከበሩ ውጭ ሊቀር ነው። ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለቅሶ ሲሆን በሩ ይከፈታል ይላሉ። ለቅሶ ደራሽ ስሙን አስመዝግቦ ይግባ? ይህን ስብሰባው ላይ ስጠይቅ ሰው ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም። ድምፅ የሚሰጠውም መዋጮ የከፈለ ባለቤት ብቻ ነው ተብሏል። ተከራይ የለበትም። ከሰፈራችን ስንቱ ተከራይ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስብሰባው ከጥምቀት በኋላ ይቀጥላል። እኔ የምለው፣ ዘበኛ እንቅጠር፣ የመንገድ መብራት እናስተክል፣ ጉድጓዱም ከተቆፈረ አንድ ቧንቧ ወደ ታች ይውጣ፤ በሩ ግን ይቅር ነው። የሚያግዙኝ ጥቂት ናቸው። አስተማሪ ሲናገር ደግሞ ሰው ክፍል የገባ ይመስለዋል፣ ያዛጋል።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። የግቢያችሁን መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ተከራይ በስብሰባ ድምፅ አለው? ለቅሶ ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ? መዋጮውስ በየዓመቱ ስንት እየጨመረ ነው? የመጨረሻውን በተለይ አትርሺው፤ እዚህ ሰውን በቶሎ የሚያሳስበው እሱ ነው።

ያንቺው
ከደብረ ብርሃን