ቀለም ከመገዛቱ በፊት ግድግዳው ይታይ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከየአቅጣጫው መጥተው ከተማዋን የሠሩ ማኅበረሰቦችን የሚዘክር የግድግዳ ሥዕል እንዲሠራ ስለመጠየቅ

እኛ በሥዕል፣ በልስንና በቀለም ቅብ የምንተዳደር የከተማዋ ነዋሪዎች ነን። መሐል ከተማ ገበያው አካባቢ ካሉት ረጃጅም የብሎኬት አጥሮች አንዱ ለዚህ ሥዕል እንዲመደብ እንጠይቃለን። በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ሠራተኛውንና ተማሪውን ከጎጃም ገጠር፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ጠርተውታል። ይህ ሰው አንድ ግድግዳ ቢሰጠው አይበዛበትም።

ነገር ግን እንዲህ ላለ ሥራ የሚያዘው ገንዘብ በቀለምና በምረቃ ድግስ ያልቃል፤ ለግድግዳው የሚተርፍ የለም። ሥዕሉ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይወርዳል። ቀለሙ ይታማል እንጂ ጥፋቱ የውሃው ነው። ክዳን የሌለው አጥር የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ በአናቱ ይጠጣል፣ በሥሩ ደግሞ ከመሬት ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲወጣ የሲሚንቶውን ጨው ይዞ ይመጣና ቀለሙን ከኋላው ይገፋዋል። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ያም ሆኖ ያቆያቸው መቅደሱን ዙሪያውን የሚከልለው ሰፊ ጣራ ነው።

እና መጀመሪያ ክዳን። ከአጥሩ ፊትና ኋላ 5 ሳንቲሜትር ወጣ ያለ የኮንክሪት ክዳን፣ ከሥሩ ውሃውን የሚያንጠባጥብ ቀጭን ቦይ ያለው፣ ይሠራ። ስንጥቅን በጀሶ መድፈን ይቅር፤ ጀሶ ውጭ ላይ ውሃ ሲነካው ይፈረፈራል። በ1 እጅ ሲሚንቶና በ4 እጅ የተነፋ አሸዋ ይደፈን። የወጣው ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ በውሃ የታጠበ እንደሆነ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። አዲስ ልስን 28 ቀን ይጠበቅ። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ከውስጥ በኩል ላብ ከቋጠረ ቀለም ቀቢው ቤቱ ይመለስ።

የዘይት ቀለም በአዲስ ልስን ላይ አይቀባ፤ ሲሚንቶው ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና እየተዝለገለገ ይላጣል። ለውጭ ግድግዳ የተሠራ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይሻላል። 30 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር 75 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር 8 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት ዙር መደብ ብቻ 19 ሊትር ይፈልጋል፤ ሁሉም ከአንድ ምርት ቁጥር ይገዛ፣ አለበለዚያ መጋጠሚያው ይታያል። ደማቅ ሮዝንና ደማቅ ቢጫን ፀሐይ ቶሎ ይበላቸዋል፤ የአፈር ቀይና ቡናማ ይቆያሉ። ሥራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ይዘቱ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የጣና ዳር ነባር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች ከመጤዎች ጋር እንዳይደረደሩ፤ ከተማዋ ናት የሐይቁ ዳር ላይ የደረሰችባቸው። ታንኳቸውም እንደ እንጨት ጀልባ ጎኑ ለስልሶ አይሣል። ታንኳ የደንገል እስር ነው፤ ዘንጎቹና ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፣ አፍንጫውም ሽቅብ ይቀለበስ። ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ በ1 ለ 10 መጠን፣ ለየማኅበረሰቡ ይታይ። ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ አስተያየት መጠየቅ ለይስሙላ ነው። (ወሎዬን ሁሉ ጀበና አስይዞ ማለፍም ይብቃ።)

የአጥሩ የታችኛው 60 ሳንቲሜትር ጭቃ ስለሚረጨው ሥዕል አይግባበት፤ በአንድ ጠቆር ያለ ቀለም ተቀብቶ በየመስከረሙ ይታደስ። ከየቀለሙም ግማሽ ሊትር፣ የምርት ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ለጥገና በመምሪያው ይቀመጥ። ለክዳኑና ለልስኑ የሚሆነው ገንዘብ ከቀለሙ ተለይቶ በራሱ መደብ እንዲያዝ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር