የአቡሽ ጊታር አንገት

ይድረስ ለአባዬ፣ ደሴ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የቶሮንቶ ብርድ ገና አልለቀቀንም እንጂ ሥራም ኑሮም ሰላም ነው።

ባለፈው ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እርስዎና አቡሽም እኩል እያወራችሁ ምንም ሳንግባባ ቀረን። ከዚያ አቡሽ ለሚሠሩለት የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት የሚፈልገውን የእንጨት ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ። ኢቦኒ፣ ሮዝዉድ፣ ዌንጌ፣ ማሆጋኒ። ቪዲዮ ላይ ያየውን እንጨት ሁሉ አንድ አንገት ውስጥ ሊከት ነው! እርስዎ ደግሞ "ዋንዛው ተርፎኛል፣ አንገቱንም ከሱ ልሥራው፤ ካልሆነም ወይራ አለ" ብለዋል። የሚቆርጡት እርስዎ ስለሆኑ ረጋ ብዬ ልጻፍልዎ አልኩ። አቡሽ ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው።

አባዬ፣ የጊታር ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ በአንድ ላይ ከ45 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ሌት ተቀን ነው ታዲያ። ልጁ ቢጫወትም ባይጫወትም፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ቢውል ይስባሉ። ያንን ሁሉ የሚችለው ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን የሆነ እንጨት ነው። ስለዚህ የአንገት እንጨት ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀጥ ብሎ ይቆያል ወይ ነው። መልኩ ኋላ ይደርሳል። ድምፁም ቢሆን ኋላ ነው፤ በዚህ አቡሽ ከኔ ጋር አይስማማም።

ዋንዛው ለአካሉ ግሩም ነው። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ያምራል። ለአንገት ግን ለስላሳ ነው። ክሩ ሲስበው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሌላም ነገር አለ። አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ከኋላ በሚገቡ አራት ብሎኖች ነው፤ ጥርሳቸው የሚነክሰውም የአንገቱን እንጨት ነው። ለስላሳ እንጨት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈታና ሲታሰር ቀዳዳው ይላላል።

ሙሉውን ከወይራ ማድረግም አያዋጣም። ጥንካሬውን ማን ይክዳል! ችግሩ ክብደቱ ነው። ቀላል የዋንዛ አካል ላይ የወይራ አንገት ከገጠምን ጊታሩ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ይደፋል። ልጁ ጣቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት በግራ እጁ አንገቱን ሲሸከም ሊያመሽ ነው። ወይራውን ሌላ ቦታ እንፈልገዋለን፤ እመለስበታለሁ።

እኔ የመረጥኩት ሜፕል ነው። የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል የሱ ነው። ብዙ ዓይነት አለው፤ እኔ የምለው ጠንካራውን፣ ሽሮፕ የሚቀዳበትን ነው። እዚህ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወለል የሚነጠፈው ከሱ ነው፤ ምን ያህል ቢደበደብ እንደሚችል ከዚህ ይገምቱ። የደረቀው በሜትር ኩብ 700 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ማሆጋኒ ከ600 በታች ነው። ሜፕል እዚህ የአገር ቤት እንጨት ስለሆነ ዋጋውም አይከብድም። ጉድለቱ እርጥበት መጠጣቱ ነው። በዚህ በዚህ ማሆጋኒ ይበልጠዋል፣ እውነቱን ለመናገር።

ሜፕልም ቢሆን ታዲያ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሌዎ ፈንደር በፈረንጆች 1950 የመጀመሪያዎቹን ወጥ አካል ያላቸው የኤሌክትሪክ ጊታሮቹን ሲያወጣ "ሜፕል ጠንካራ ነው፣ ብረት አያስፈልገውም" ብሎ ነበር። አንገቶቹ ጎበጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ውስጣቸው ብረት ማስገባት ጀመረ። ይህ ትራስ ሮድ የሚሉት ቀጭን ዘንግ ነው፤ በአንገቱ መሀል ቦይ ተቆፍሮለት ይገባል፣ ጫፉ ላይ በቁልፍ ሲዞር አንገቱን ያቀናል። እኔ የምልክልዎ ወደ ሁለቱም በኩል የሚሠራውን ነው። አንገቱ ወደ ፊት ቢጎብጥም ወደ ኋላ ቢለጠጥም ይመልሰዋል።

አቡሽ ማሆጋኒ ማሆጋኒ የሚለው የሚያደንቃቸው ሰዎች ጊብሰን የሚባለውን የማሆጋኒ አንገት ያለው ጊታር ስለሚይዙ ነው። እንጨቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሱቃችን ይዞት የመጣውን ጊታር ላሳይዎ በወደድኩ። ከማስቀመጫው ተንሸራቶ ወደቀ እንጂ ማንም አልመታውም። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ክሮቹ ብቻ አንጠልጥለውታል። ስብራቱን ሳየው የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሄደው። እነዚህ ጊታሮች ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። አንገቱና ጭንቅላቱ ከአንድ ወጥ እንጨት ሲጠረቡ ዘንበል የሚለው ቦታ ላይ የእንጨቱ መስመር አጭር ሆኖ ይቆረጣል። ለስላሳ እንጨት ሲሆን ደግሞ ይባስ። የኛ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር ትይዩ የሆነ ጠፍጣፋ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። እንጨትም አያባክንም።

አንገቱን ከአንድ ወጥ ጣውላ አላደርገውም። ሦስት የሜፕል ቁራጭ፣ በመሀላቸው ሁለት ቀጫጭን የዋልነት ዘንግ፣ ቁመቱን ይዘው ጎን ለጎን በኮላ ይጣበቃሉ። አንዱን ሜፕል ገልብጬ ነው የማጣብቀው። አንዱ ወደ ግራ ልጠማዘዝ ቢል ሌላው ወደ ቀኝ ይይዘዋል። ዋልነቱ እውነት ለመናገር ለዓይን ነው። አቡሽ ጥቁር መስመር ካላየ ሞቼ እገኛለሁ ስላለ ይኼው፣ አገኘ። ይህን እዚህ አጣብቄ እልካለሁ። ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል።

ሲደርስዎ ወዲያው መጋዝ አያስነኩት። እዚህ ክረምቱን ቤቱ በማሞቂያ ስለሚደርቅ እንጨቱም ደርቆ ነው የሚመጣው። ጥቂት ሳምንት እርስዎ ሥራ ቤት፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ከሥሩ መደገፊያ ተደርጎለት ይቀመጥ። ከዚያ ጎኑን በመላጊያ ልገው ይተዉት፣ እንደገና ያቃኑት። አንድ ዓይን ጨፍነው ሞራሌ ሲያዩ እንደነበረው ማለቴ ነው። እዚህ ሁሉም በረጅም የብረት ማስመሪያ ነው የሚለካው፤ እኔ ግን መጀመሪያ በዓይኔ ነው የማየው፣ ያስተማሩኝ አልጠፋኝም። የደሴ ሐምሌና ነሐሴ እንጨት ያሳብጣል፣ ጥር ደግሞ ያኮማትረዋል። ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሊጫወት ሊወርድ ነው። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሙቀት ውስጥ ይገባል፣ ሌሊቱን ተመልሶ ብርድ ውስጥ ያድራል። አንገቱ ከመለጠጥ አያርፍም። ሜፕሉን በደንብ በቫርኒሽ ይዝጉት፤ በተለይ የጭንቅላቱንና የግርጌውን ጫፍ፣ እርጥበት በብዛት የሚገባው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ወይራው። ጣት የሚረግጥበት፣ ፍሬቶቹ (ድምፁን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች) የሚተከሉበት ጣውላ ጠንካራ መሆን አለበት። ሮዝዉድና ኢቦኒ የሚወደዱት ለዚህ ነው። ሮዝዉድ ልላክ ብል ወረቀቱ ራሱ ጣጣ ነው። በፈረንጆች 2017 ሁሉም የሮዝዉድ ዝርያ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገባ። ተሠርቶ ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከብራዚሉ ሮዝዉድ በስተቀር፣ በ2019 ነፃ ተደርጓል፤ ጣውላው ግን አሁንም ፈቃድ ይጠይቃል። እርስዎ ቤት ደግሞ የአያቴ ቤት ሲፈርስ ያስቀመጡት የወይራ መቃን አለ! ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? ወይራ ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል፤ ያ ግን ሊሰነጠቅ የነበረው ድሮ ተሰንጥቆ አልቋል። ጉጥ የሌለበትን ይምረጡ። ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ይሁን። ውፍረቱን መጨረሻ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያድርሱት።

የፍሬቱ ልኬት አያስጨንቅዎ። ክሩ ከአንገቱ መነሻ አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት ድልድይ 648 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ሲያካፍሉ 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ነው። የቀረው 611.63 ነው፤ እሱንም ለ17.817 ያካፍሉ፣ 34.33 ይሆናል። እንዲያ እያሉ እስከ 22። አሥራ ሁለተኛው ልክ 324 ላይ ካልወደቀ ሒሳቡ ውስጥ ስህተት አለ። ምልክት ሲያደርጉ ከፍሬት ወደ ፍሬት ሳይሆን ሁልጊዜ ከመነሻው ይለኩ፤ አለዚያ ጥቃቅኑ ስህተት እየተደመረ መጨረሻ ላይ ጉድ ያፈላል። ሒሳቡን አቡሽ ይሥራ፣ ጊታሩ የሱ አይደል!

ወይራውን ቫርኒሽ አይቀቡት። የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሹ ያጠጡት፣ ትርፉን ይጥረጉ። አደራ አባዬ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠው ሰጋቱራ ላይ አይጣሉት። በራሱ ግሎ እሳት ይነሳል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት።

አቡሽ "ሜፕል ድምፁ ይሾላል፣ ማሆጋኒ ሞቅ ይላል" ብሎ ይከራከርዎታል። ትንሽ እውነት አለው። ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በአብዛኛው የክሩን ንዝረት ከሚይዘው ፒካፕ፣ ከክሩና ከማጉያው ነው የሚመጣው። ባቲና አምባሰል ሲጫወት ጣቱን ያን ያህል ካሠለጠነ የእንጨቱን ልዩነት ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይለይለትም። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን አይንገሩት፤ ይኮርፋል።

ለዒድ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። እንጨቱን፣ ብረቱንና የፍሬት ሽቦውን በሱ እልካለሁ፤ ለእማዬም የጉልበት ቅባቷን። ከዚያ በፊት ግን የመቃኑን ሁለት ጫፍ ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ። መስመሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ካየሁ በየት በኩል እንደሚሰነጥቁት እነግርዎታለሁ። ምስጥ ነክቶት ከሆነም ሳይደብቁ ይንገሩኝ፤ እዚህ የተረፈ የዋልነት ቁራጭ አለኝ፣ ከወይራ ቢለሰልስም ለክፉ ቀን አይጠፋም።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ