ሌንቲኩላሮቹን በአንድ መስመር አትለፏቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ጋላክሲ ዓይነቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆችም ተቀባብለው አንብበውታል። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ጥምዝምዞቹና ሞላላዎቹ ጋላክሲዎች በሰፊው ከተወራላቸው በኋላ፣ ሌንቲኩላሮቹ (ዲስክ እያላቸው ጥምዝምዝ ክንድ የሌላቸው ጋላክሲዎች) “በሁለቱ መካከል ያሉ፣ የሞቱ ጋላክሲዎች” ተብለው በአንዲት መስመር ተዘጉ። ጠበቃ እንደሌላቸው ልቁጠራቸውና እኔ ልሟገትላቸው።

“መካከል” የሚለው ነገር የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የኤድዊን ሀብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ሹካ መሰል ሥዕል ላይ ሞላላዎቹን በእጀታው፣ ጥምዝምዞቹን በሁለቱ ጣቶች ደረደረ። መገናኛው ላይ ኤስ ዜሮ (S0) የሚል ቦታ አስቀመጠ፤ ይህም የሌንቲኩላሮቹ መለያ ነው። ያኔ ቦታው ከግምት ብዙም አይርቅም ነበር። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ግን ጋላክሲ ከግራ ወደ ቀኝ እያደገ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም።

ሌንቲኩላር ጋላክሲ እንደ ጥምዝምዞቹ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ዲስክ አለው። መሃሉ በኮከብ አብጧል። የሌሉት ክንዶቹ ናቸው። ክንድን የሚያደምቁት አዲስ የተወለዱ ሰማያዊ ኮከቦች ሲሆኑ፣ እነሱ ደግሞ ያለ ቀዝቃዛ ጋዝ አይወለዱም። ጋዙ ሲጠፋ ግዙፎቹ ሰማያዊ ኮከቦች ቶሎ ነደው ያልቃሉ። ትንንሾቹና አሮጌዎቹ ይቀራሉ፤ ብርሃናቸውም ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። “ሞቱ” ማለት ግን ይበዛል። ጥቂት ጋዝ የቀራቸው አሉ። አቧራ ያላቸውም አሉ፤ በድራኮ ኅብረ ኮከብ ያለውን፣ በሰማይ አካላት መዝገብ ቁጥሩ ኤን ጂ ሲ 5866 የተባለውን ሌንቲኩላር ጠርዙን ስለምናየው፣ የአቧራው ጥቁር መስመር መሃል ለመሃል ሲከፍለው ይታያል።

ታዲያ ጋዙን ማን ወሰደው? ለእኔ ጣፋጩ ክፍል ይሄ ነው፣ እናንተ ደግሞ የዘለላችሁት። እ.ኤ.አ. በ1972 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጀምስ ገንና ሪቻርድ ጎት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡበት ክላስተር ውስጥ፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ በጣም በሚሞቅ ስስ ጋዝ ተሞልቷል። አንድ ጥምዝምዝ ወደዚያ ሲወድቅ፣ ያ ትኩስ ጋዝ እንደ ኃይለኛ ነፋስ የጥምዝምዙን ጋዝ ገፍፎ ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሌላው ተመራማሪ አለን ድሬስለር በክላስተሮች ያሉትን ጋላክሲዎች በየዓይነታቸው ሲቆጥር፣ ጋላክሲ በተጨናነቀበት ቦታ ጥምዝምዞቹ እያነሱ፣ ሌንቲኩላሮቹ እየበዙ አገኘ። የበለጠ የሚገርመው፣ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ክላስተሮች ሲታዩ ሌንቲኩላሮቹ ከዛሬው በጣም ያንሱ ነበር። ብዙዎቹ ቀድሞ ጥምዝምዝ ነበሩ ማለት ነው። በእርግጥ ነገሩ በዚህ አያልቅም። ከክላስተር ርቀው የሚኖሩ ሌንቲኩላሮችም አሉ። ለእነሱ የጋላክሲዎች ግጭትና ውህደት ወይም የጋዝ ማለቅ የተሻለ ምክንያት ይሆናል።

ደግሞ መለየቱ ቀልድ አይደለም። ከላይ የሚታይ ሌንቲኩላር ክብ ሆኖ ከሞላላዎቹ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አትላስ ስሪ ዲ የተባለው ጥናት ለ260 ጋላክሲዎች ቅርጹን ትቶ የኮከቦቹን እንቅስቃሴ ለካ። ሞላላ ተብለው ከተመዘገቡት አብዛኞቹ እንደ ሌንቲኩላሮቹ የሚሽከረከሩ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ “ሞላላ” የሚለውን መዝገብ ሳይ አሁን በጥርጣሬ ነው።

ለማንኛውም፣ ሌላ ጊዜ ስታወጡ የኤን ጂ ሲ 3115ን ፎቶ እንድታስገቡ እለምናለሁ። ዊሊያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1787 ያገኘው፣ ከእኛ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ሌንቲኩላር ነው። ጠርዙን ስለሚያሳየን በእኔ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንኳ መሃሉ ወፍሮ ጫፎቹ የሾሉ ሆኖ ይታያል። ያለፈው ሥዕላችሁ ላይ ሌንቲኩላሩ ሰማያዊ ተቀብቶ ነበር። እባካችሁ ቢጫ አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር